ዘጠኝ ሜትር ወደ ግራ

ከፈለ የሞተር መጋዙን ከፒክአፑ ላይ ሲያወርድ ሊዮል አጠገቡ ቆሞ ነበር።

«ችግሩ ዛፉ ነው ብለሃል አይደል?»

«ነው፤ ግን ጋሼ…»

«ግን የለም!»

ከፈለ ከየቡ ከተማ ዳር የቡና ማጠቢያ ጣቢያ አለው፤ የሚኖረው ግን ጅማ ነው። ከማድረቂያ አልጋዎቹ ላይ ቡና መጥፋት ሲጀምር ካሜራ አስተከለ፤ ካሜራውን ጅማ ሆኖ በስልኩ ለማየትም እዚያው ጊንጆ ሰፈር የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለውን ሊዮልን አስመጣ። ሊዮል በየካቲት መጥቶ በጣቢያው ቢሮ ጣሪያ ቀኝ ጥግ ላይ የኢንተርኔት መቀበያውን አቆመ፤ ጅማ ዳር ካለው ኮረብታ ላይ ወደተተከለው ማሰራጫም አዞረው። ስልኩ ላይ ሃምሳ ስምንት አየ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሲግናሉ ይጠነክራል፤ ሃምሳ ስምንት ደግሞ ግሩም ነው። ገመዱን ግድግዳው ላይ አስሮ ከጨረሰ በኋላ ነበር የጎረቤቱን የኸይሩን ዋንዛ ልብ ብሎ ያየው። ዛፉ በመቀበያውና በኮረብታው መካከል ቆሟል። ያን ጊዜ ቅጠሉን አራግፎ ስለነበር በባዶ ቅርንጫፎቹ መካከል ሰማይ ይታይ ነበር። ክረምት ሲገባ ቅጠል እንደሚለብስ ሊዮል ያውቃል። መቀበያውን ወደ ግራው ጥግ ማዛወር እንደሚሻልም ያውቅ ነበር። ግን ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ገመዱም ታስሯል። መሰላሉን አጥፎ ሄደ።

አሁን ጥቅምት ነው፤ ዝናቡ ገና አልለቀቀም። የዋንዛው ቅጠል ውሃ ጠጥቶ ወፍሯል። ቁጥሩ ሰማንያ ስድስት ደርሶ ካሜራው ከጨለመ ሁለት ሳምንት ሆነው፤ ትናንትም ቡና ተሰርቋል።

የከፈለ ሠራተኛ ሙርሺድ መጋዙን ተቀብሎ ሲያስነሳ ኸይሩ ድምፁን ሰምቶ ከቡናው መሃል ወጣ። ሽማግሌ ነው። ልጁ ሶረቲ አረም የምትመነጥርበትን ገጀራ እንደያዘች ተከተለችው።

«አቶ ከፈለ፣ ይህን ዋንዛ የተከለው አባቴ ነው። እሱ ከወደቀ ከሥሩ ያለው ቡናዬ በፀሐይ ያልቃል።»

«ሌቦችህን የሚጋርድልህ ስለሆነ አሳዘነህ?»

«ወላሂ፣ ካንተ አልጋ አንዲት ፍሬ አልነካሁም።»

«ሙርሺድ፣ ቁረጠው!»

መጋዙን የያዘው ሙርሺድ አመነታ። ከፈለ በጥፊ አጮለው። መጋዙ አጓራ፤ ጥርሱ ግንዱ ውስጥ ሲገባ እርጥብ ሰጋቱራ ተረጨ። ኸይሩ ዞሮ በማዶው በኩል ጀርባውን ለግንዱ ሰጠ። ከፈለ ከመቀበያው ምሰሶ የተረፈችውን ቁራጭ የብረት ቧንቧ ከግድግዳው ሥር አነሳና የሽማግሌው ትከሻ ላይ አሳረፈበት።

ሊዮል ቢሮው ላይ ወደተደገፈው መሰላል ሮጦ ጣሪያው ላይ ወጣ። ብሎኑን ፈትቶ መቀበያውን በደረቱ አቅፎ ወደ ግራው ጥግ ገሰገሰ፤ ገመዱ ከግድግዳው እየተገነጠለ ተከተለው። ቆርቆሮው ክንዱን ቀደደው። እዚያ ተንበርክኮ ቁጥሩን የሚያይበትን ስልክ አጠገቡ አስቀመጠና መቀበያውን በእጁ ከዛፉ ጎን ባለው ክፍት ሰማይ በኩል አነጣጠረ። ሰማንያ። ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ሰባ አንድ። ትንሽ ወደ ላይ፣ ስልሳ።

«ገባ! ጋሼ ከፈለ፣ ገብቷል! ዛፉን ተዉት!»

መጋዙ ድምፁን ዋጠው። ከታች ቧንቧዋ ተነሳች። ሁለተኛው ምት የሽማግሌውን ራስ አገኘው። ኸይሩ በግንዱ ላይ ተንሸራቶ ተቀመጠ፣ ከዚያ በጎኑ ወደቀ። ሙርሺድ መጋዙን አጠፋ።

ጸጥ ባለው ግቢ ውስጥ ሊዮል ገና ይጮህ ነበር። «ስልሳ ገባ! ስልሳ!»

«አባኮ! አባቴ!» አለች ሶረቲ። ገጀራዋ አንዴ ብቻ ወረደች። የከፈለ ሁለት ጣቶች ሣሩ ላይ ቀሩ፤ ቧንቧዋም ከእጁ ወደቀች። እንደ በሬ እያጓራ ወደ መኪናው ሮጠ። ሙርሺድ ሸሚዙን አውልቆ እጁን ጠመጠመለትና ይዞት ወደ ጅማ በረረ።

ሶረቲ ጆሮዋን አባቷ ደረት ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ ቆየች። ከዚያ ዓይኑን ከደነች፤ በነጠላዋ ሸፈነችው። ቧንቧዋን አነሳችና መሰላሉ ሥር መጥታ ቆመች።

«ምን እያልክ ነበር የምትጮኸው?»

«ሲግናሉ እንደገባ። ዛፉ ሳይቆረጥ።»

«እንዴት ገባ?»

«መቀበያውን ወደ ግራ ወሰድኩት። ዘጠኝ ሜትር።»

ሶረቲ የቀኙን ጥግ አየች፣ የግራውንም።

«ዘጠኝ ሜትር? ይህን ያወቅከው ዛሬ ነው?»

አዎ ቢላት የሚያስተባብል ማንም አልነበረም። መሰላሉን ወደ ላይ ስቦ ሰው እስኪመጣ መጠበቅም ይችል ነበር። ሊዮል ግንዱን አየ። መጋዙ እስከ እኩሌታው ገብቷል፤ ከተቆረጠው ቦታ ውሃ ይንጠባጠባል።

«በየካቲት አውቄ ነበር» አለ።

«ውረድ።»

መቀበያውን ጣሪያው ላይ አስቀምጦ ወረደ። የመጀመሪያው ምት ጉልበቱን ሰበረው። ሁለተኛውን መሬት ላይ ሆኖ፣ እጁን ሳያነሳ ጠበቀ።