የሸክላው ሁለተኛ ገጽ

መለከቱስ ይሁን፣ መለከቱ በዝቷል ይበላት፣ ሦስቱ ነፊዎች ዘፋኙን መተንፈሻ ነስተውታል፣ ፒያኖው ግን ጎበዝ ነው፣ ማንንም ሳይገፋ የራሱን መንገድ ይዞ ይሄዳል፣ እንዲህ ሊላት ነው እሸቴ፣ ጡረታ የወጣው የከብት ሐኪም፣ ስልኩን መስኮቱ ላይ አቁሞ እያዳመጠ። ጋሼ፣ ደብረ ታቦር ውስጥ ኩባ የተማረ ካንቱ ወዲያ ማን አለን፣ ይችን የድሮ የኩባ አልበም ሰምተው አስተያየትዎን እስከ ዘጠኝ ሰዓት በድምፅ ይላኩልኝ፣ ብላዋለች የእህቱ ልጅ ትዕግሥት፣ ሬዲዮ ላይ ሙዚቃ የምታቀርበው። የላከችው የትኛውን እንደሆነ በምን ትወቀው።

ያኔ ኩባ፣ ተማሪ ሳለ፣ ይኸኑ አልበም በሸክላ የገዛችው ካሪዳድ ናት። ሊያገባት ቃል የገባላት፣ አገሩ ልትመጣ ሻንጣ የገዛች። አንዱ ገጽ ሲያልቅ ገለበጠችው፣ ከበሮ ብቻ፣ ምንድን ነው ይኼ፣ አላት፣ የባሕር እናት የምንላትን መንፈስ መጥሪያ ነው፣ አያቴም ትመታዋለች፣ አለችው እየሳቀች። እሱ ብድግ አለ። ዛር! ከአቋቋም ቤት የወጣ ዲያቆን፣ ከበሮ ሲመታ ያደገ፣ ዛር ከሚያነግሥ ቤት ሚስት ሊያመጣ! ኮፍያውን አነሣ። እስከ መጨረሻው ስማው፣ ከዚያ ትሄዳለህ፣ አለችው። አልሰማም። አራት ደብዳቤ ጻፈችለት፣ አራቱንም ሳይከፍት መለሰ፣ ምን ዓይነት ግትር ነበር፣ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር፣ እሱም ምክንያት ሆኖ።

ስድስተኛው ዘፈን ገባ። ያ ከበሮ። ጣቱ ወደ ማጥፊያው ሄደና ተመለሰ፣ የምን ፍርሃት ነው በስተርጅና፣ ይምታ። አንዱ ያወጣል ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ከበሮው ያዘግማል፣ ያዘግማል፣ ቆይ፣ አሁን ሊነሣ ነው፣ ተነሣ፣ ጭብጨባው ተከተለ፣ እንዴ! በእመቤታችን በዓል ካህናቱ መሀል ቆሞ ራሱ የመታው አመታት አይደል እንዴ፣ ዝግ ብሎ ጀምሮ እንዲህ የሚፈጥነው። እምነቱ ሌላ ነው፣ እሱን አይክድም። እጁ ግን ያው እጅ ነው፣ እናቱን የሚጠራ ሰው እጅ። ከዘራው ወለሉን እየመታ መሆኑን ያወቀው አሁን ነው። አርባ ዓመት፣ አምላኬ፣ ሩብ ሰዓት ለማትሞላ ከበሮ።

ስልኩ ጮኸ፣ ትዕግሥት ናት። ጋሼ ደረሰ ወይ፣ እንዴት አገኙት። መለከቱ በዝቷል፣ ሁለተኛው ገጽ ግን ይበልጣል፣ አላት። የምን ገጽ ጋሼ፣ ስልክ ላይ ገጽ አለው እንዴ። ተይኝ እስቲ ልጄ፣ አላለቀልኝም።

ዘጋው። ከበሮው ካቆመበት ቀጠለ፣ አንድ ድምፅ ብቻ ቀረ፣ የሴት፣ ከዚያ እሱም አለቀ።

ሰማሁት፣ ካሪዳድ፣ ይላል በስፓኒሽ፣ ቃሉ ጠፍቶበት እየፈለገ፣ ባዶ ቤት ውስጥ። እስከ መጨረሻው ሰማሁት። አልሄድም።