የገነነ እጅ

«እጁ እኮ! እጁ!» አሉ ጋሽ ካሱ፣ ከገረሴ የወረዱበትን አቧራ ሳያራግፉ አግዳሚው ላይ እየተቀመጡ። «ሞተሬን ከመንገድ ማዶ ሰምቶ ‹ቤንዚን አልደረሳትም› ይለኝ ነበር። እንዲህ ያለውን ልጅ ወባ ይብላው?»

ድንኳኑ በሙሉ ከንፈሩን መጠጠ። የሟቹ የገነነ ታናሽ እህት ኑኃሚን ብቻ አልመጠጠችም። የንፍሮውን ሳህን ለጋሽ ካሱ አቀብላ ወደ እናቷ ምንጣፍ ተመለሰች። ከመንገድ ማዶ የሰማችው እሷ ነበረች።

ጋራዡ በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለ ነበር። ከመጋረጃው ወዲህ ገነነ ይስቃል፣ ዋጋ ይቆርጣል፤ ከመጋረጃው ወዲያ ኑኃሚን ካርቡሬተር ትፈታለች። ማንም አላስተማራትም። የተጣለ ካርቡሬተር ፈትታ ገጥማ፣ ፈትታ ገጥማ ነው ቤንዚን በየት ገብቶ የት እንደሚታነቅ ያወቀችው። ሥራው ሲያልቅ ገነነ መጋረጃውን ገልጦ ይገባና መዳፉን መዳፏ ላይ ያሻል፤ ግራሶዋን ተቀብቶ ወደ ባለሞተሩ ይወጣል።

«ሴት ነካችው ካልኩ ማን ሞተሩን ያመጣልኛል?» ይላታል። «ደግሞ አንቺ ራስሽ ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። የሚያንገበግባትም እውነት መሆኑ ነበር።

መዘምራኑ ዝማሬያቸውን ጨርሰው ሲወጡ አጎቷ አጵሎስ ከእናቷ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«እትዬ፣ ጋራዡን ለመካኒኩ ለክንፉ ብንሰጠው ይሻላል። ልጁ ባለሙያ ነው። ወንድ የሌለበት ጋራዥ ምን ይሠራል?»

«እኔ አለሁ» አለች ኑኃሚን።

«አንቺማ ሻይ ታፈዪለታለሽ።»

«ሻይ የምታፈላ ሚስት ቤትህ አለችህ፣ አጎቴ። እኔ ሞተር ነው የምፈታው። ገነነ አንድ ብሎን ፈትቶ አያውቅም።»

እናቷ ክንዷን ቆነጠጠቻት። «አፍሽን ሰብስቢ!» አለች በሹክሹክታ። «ልጄን ሁለቴ አትቅበሪብኝ። የቀረው ስሙ ነው።»

«ለእኔስ ምን ቀረኝ፣ እማ?»

እናቷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎተተች።

ውጭ ጋሽ ካሱ ሊሄዱ ሞተራቸውን አስነሱ። ጥቂት ሄዳ ትን አላትና ጠፋች። ቆየት ብለው ማስነሻዋን ረገጡ፤ ተነሳች፤ ደግማ ጠፋች።

«ይኸው! ከገረሴ ጀምሮ ስትጠፋ ስትነሳ ነው የመጣችው። እሷም አዝናለች!»

ክንፉ እጅጌውን ሰብስቦ ቀረበ። ረገጠ፣ ረገጠ፣ ላብ አጠመቀው። «ካርቡሬተሩ አብቅቶለታል» አለ። «አዲስ ይግዙ፣ ጋሼ።»

ኑኃሚን ከድንኳኑ ውስጥ ትሰማ ነበር። ስታርፍ የምትነሳ፣ ተነሥታ የምትታነቅ ሞተር ናት፤ ካርቡሬተሯ ምንም አልሆነ። እሷ ራሷ ዝም ካለች የወንድሟ ስም እንዳማረበት ይኖራል፤ ጋራዡ ግን የክንፉ ይሆናል። ተነሳች። እናቷ የቀሚሷን ጫፍ ያዘች። ኑኃሚን ጨርቁን ቀስ ብላ አስለቅቃ ወጣች።

«ጋሽ ካሱ፣ የቤንዚን ታንከሩን ክዳን ምን አድርገውታል?»

«ምን አደርገዋለሁ? የገረሴን ዝናብ መቼ አጣሽው! ውሃ እንዳይገባ ከሥሩ ፌስታል ጠቅጥቄበታለሁ።»

«አንቀዋታላ! አየር ካልገባ ቤንዚኑ በየት ይውረድ? እስቲ እርስዎ አፍንጫዎን በፌስታል አስረው ዳገት ይውጡ!»

ሰዉ ሳቀና ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው አፉን ያዘ። ክዳኑን ስትከፍተው ታንከሩ ሲጥ ብሎ አየር ሳበ። ፌስታሉን ገንጥላ ጣለች፤ ከጥቁር ሻሿ ላይ መርፌ ቁልፏን ነቅላ የክዳኑን የአየር ቀዳዳ ጠረገች፤ ረገጠች። ሞተሯ ተነሳች። ሁሉም ትጠፋለች ብሎ ጠበቀ። አልጠፋችም።

«ድሮም የምጠግናት እኔ ነበርኩ» አለች ኑኃሚን፣ ድንኳኑ እንዲሰማ። «ገነነ ዋጋ ነበር የሚቆርጠው።»

ጋሽ ካሱ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አይ፣ ሐዘን የማያናግረው የለም፣ ልጄ» አሉ። «ግን ገነነ እንዴት አድርጎ ቢያስተምራት ነው! ሴት ልጅን እንኳ ባለሙያ አድርጎ ሄደ!»

«እጁ እኮ!» አለ ሌላው ከጎናቸው።

«ክንፉ፣» አለ አጵሎስ፣ «ይህችን ልጅ እንዳትለቃት። ታግዝሃለች።»

ኑኃሚን ልትመልስላቸው አፏን ከፈተች። ማንን ምስክር ትጥራ? እጇን የሚያውቅላት አንድ ሰው ነበር፤ እሱም የሰረቃት ራሱ ነው።

ሞተሯ ሳትደናቀፍ ታጉረመርማለች። ኑኃሚን ጆሮዋን ወደ እሷ አዘንብላ፣ ሳታስበው ገነነ ከኋላዋ የቆመ ይመስል አንገቷን ወደ ኋላ መለሰች።

«ሰማህ?» አለች።

ከኋላዋ ባዶ አግዳሚ ወንበሮች ብቻ ነበሩ። የቤንዚን መስጫውን እጀታ እስከ መጨረሻው ጠመዘዘችው፤ ሞተሯ መንደሩን ሞልታ ጮኸች፤ እሷ ስታለቅስ ማንም አልሰማም።