ያስፈራራት ያስተኛት

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ኦቦ ገቢሳ መኝታ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ያለውን ማጥፊያ ቁልቁል ይጫናል፤ በግቢው ያሉት አራቱ የኪራይ ክፍሎች ባንዴ ይጨልማሉ። የራሱ ቤት በሌላ መስመር ስለሆነ አይነካውም። ነቀምቴ ያለ አከራይ ሁሉ እንዲህ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ይሄኛው ግን እንዲህ ነበር። ክፉ ሰው ነው እንዳልል፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ለታመመ ይደርሳል፣ ከለቅሶ አይቀርም። ብቻ ያቺን ማጥፊያ ሲነካ ፀሐይን የሚያወጣትና የሚያገባት እሱ ይመስለዋል።

ከተከራዮቹ አንዷ ዘርፈሽ ናት። አንገር ጉቲን በምትባል የገጠር ከተማ ከወሎ ሰፋሪዎች ተወልዳ እዚህ ከተማ መምህርት ሆናለች። ባሏ ቀነአ ጊምቢ ቡና ማጠቢያ ስለሚሠራ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው የሚመጣው። በቀረው ቀን ከአራት ዓመት ልጇ ከቦንቱ ጋር ብቻዋን ናት፤ ቦንቱ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ካላት ሰንብታለች። ልክ ሲጨልም የእናቷን አንገት አንቃ ይዛ "ዋራቤሳ! ዋራቤሳ!" ትላለች፤ ጅብ መጣ ማለቷ ነው። ዘርፈሽ ተረት አወራችላት፣ ወተት አሞቀችላት፣ ጀርባዋን መታ መታ እያደረገች እሹሩሩ አለቻት። በመጨረሻ ቀነአ ሶኬት ላይ የምትሰካ፣ የእንጉዳይ ቅርጽ ያላት ትንሽ መብራት ገዝቶ መጣ። መድኃኒቷ ይቺ ሆነች። እንጉዳይዋ ስትበራ ልጅቷ ትተኛለች፤ ገቢሳ ሲያጠፋ ትነቃለች፤ ከዚያ ወዲያማ እንቅልፍ የት ተገኝቶ! ጠዋት እናትየው ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆማ ታዛጋለች። ልጅቷ ዓይኗ አብጦ እህል አልቀምስ ትላለች፤ ቀሚሷ ከትከሻዋ መንሸራተት ጀምሯል።

ዘርፈሽ መጀመሪያ በትሕትና ነበር የጠየቀችው።

"ኦቦ ገቢሳ፣ ይቺን ትንሿን ብቻ ይተዉልኝ። ከሻማ አትበልጥም።"

"ልጅ መብራት ከለመደ ፈሪ ይሆናል" አለ። "ይልቅ ጸልዩላት።"

"እንጸልያለን። አሜን ካለች በኋላ መብራቱን አብሪው ትለኛለች።"

"እምነት ጎድሎ ነዋ!" ብሏት ሄደ። የአራት ዓመት ልጅ እምነት ጎደላት! እስቲ ምን ይባላል።

የልጅቷ ፍርሃት ከየት እንደመጣ የታወቀው ከሚስቱ ከአዴ ገላና አፍ ነው። ቧንቧ ጋ ውኃ ሲቀዱ እየሳቀች ነገረቻት።

"ያን ቀን እኮ፣ አንቺ ለቅሶ ሄደሽ እኔ ጋ የተውሻት ቀን፣ በለቅሶ አላስቀምጥ አለችን። ገቢሳ በመስኮቱ በኩል ዞሮ ቆርቆሮውን እየቧጠጠ እንደ ዋራቤሳ ጮኸባታ! ወዲያው ጭጭ። አንቺ እስክትመጪ እንቅልፏን ለጥጣ ቆየችሽ።"

የዘርፈሽ ጀሪካን ሞልቶ ይፈስሳል፤ እሷ ግን ደርቃ ቆማለች። ፊቷ ጋለ፣ ጆሮዋ ጋለ። ፈርቶ አፉን የዘጋ ልጅና የተኛ ልጅ ለእነዚህ ሰዎች አንድ ነው ማለት ነው! ደግሞ ራሳቸው አስፈራርተው ፈሪ ይሏታል።

ያን ዕለት ማታ ገቢሳ ቤት የጸሎት ኅብረት ነበር። ጸሎቱ አልቆ ሰዉ ሻይ ሲጠጣ ዘርፈሽ ቦንቱን ታቅፋ ገባች። ማንንም ሳትጨብጥ በሳሎኑ መሐል አልፋ ልጇን ገቢሳ ጭን ላይ ቁጭ አደረገቻት።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ያስፈራሯት አንቱ ነዎት፤ ያስተኟት አንቱ።"

የገቢሳ ፊት ተለዋወጠ።

"ወሩ ሲያልቅ ከቤቴ ትወጫለሽ!"

"እወጣለሁ። ዛሬ ግን ልጄ ሳትተኛ ንቅንቅ አልልም። መስኮት ሥር የጮኸባት ማን እንደሆነ ይንገሯት።"

ገቢሳ ወደ እንግዶቹ ዞሮ ሊስቅ ሞከረ፤ አብሮት የሳቀ የለም። ጥግ ላይ የተቀመጡት አሮጊቷ አዴ ኢቢሴ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

"ገቢሳ፣ እውነት አድርገኸዋል?"

"ቀልድ እኮ ነው፣ አዴ..."

"እንግዲያው ለልጅቷ ንገራት።"

ገቢሳ ጉሮሮውን ጠረገ። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዋራቤሳ የሚባል የለም። ያን ቀን የጮኽኩት እኔ ነኝ።"

ቦንቱ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። "ውሸት! አካኮ እንደዚያ አይጮህም።"

አያቴ እያለች ነው የምትጠራው፤ በየት በኩል ትመነው? ስለዚህ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ክራቫቱን እንዳሰረ፣ ወንድም እህቶች ፊት፣ አንገቱን ቀና አድርጎ እንደ ጅብ ጮኸ። መጀመሪያ በለሆሳስ ነበር። "እንደዚህ አይደለም" ስትለው ጊዜ ድምፁን ለቀቀው።

የቦንቱ ትከሻ ወደ ላይ ተሰበሰበ። ዓይኗ ፈጠጠ። ከዚያ በትንሽ መዳፏ አፉን ጧ አደረገችውና "ላመታ ሂንዹፊን!" አለችው። ሁለተኛ እንዳትመጣ!

"ኧረ ነውር ነው፣ ቆጣ በያት እንጂ" አለ አንዱ። ዘርፈሽ አልተቆጣችም። ደስ አላት፤ ምን ትደብቃለች፣ አንጀቷ ነው የራሰው። ልጇን አንስታ ወጣች።

ክፍላቸው ገብተው አልጋ ላይ አጋደመቻት፤ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችላት።

"በይ፣ አሁን ጅብ እንደሌለ አውቀሻል። እንጉዳይዋን ላጥፋት?"

"እምቢ!"

"ለምን? አካኮ ነበር እኮ።"

ቦንቱ እናቷን ምን ነክቷታል በሚል ዓይን አየቻት። "አካኮ እኮ እዚሁ ነው የሚኖረው።"

ልጅቷ ልክ ናት። ዘርፈሽ ተነሥታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች። ገቢሳ እንግዶቹን ሊሸኝ ግቢው መሐል ደርሷል።

"ኦቦ ገቢሳ!" ብላ ተጣራች፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዲሰማ። "ከዛሬ ጀምሮ መብራቷ አትጠፋም። ልጄ ጅቡ አንቱ መሆንዎን አውቃለች፤ ሲመጡ ልታይዎት ትፈልጋለች። ማጥፋት ካማረዎት እዚህ መጥተው ፊቷ ያጥፏት። በሩ ክፍት ነው!"

እንግዶቹ ሁሉ ወደ ገቢሳ ዞሩ። ገቢሳ መሬት መሬት ያያል።

ሦስት ሰዓት አለፈ፤ እንጉዳይዋ እንደበራች ናት። ቦንቱ ፊቷን ወደ ተከፈተው በር አዙራ ትንሽ ጠበቀችው፤ ሳይመጣ ሲቀር ተኛች።