እርድ የነካቸው ሦስት ፍሬዎች

የሙሉካ እጅ ከቢጫነት የሚያርፈው የቡና ወቅት ሲመጣ ብቻ ነበር። በሌላው ጊዜ በመንደሯ በኢዲዶ ጉልበቱ አልዘረጋ ያለው፣ ወገቡ የተያዘበት፣ እንሰት ስትፍቅ ውላ ትከሻዋን ማንሳት ያቃታት ሁሉ እሷ ጋ ይመጣል። ከጓሮዋ፣ ከእንሰቱ ጥላ ሥር፣ የእርድ ሥር ትቆፍራለች፤ አጥባ ትወቅጠዋለች፤ በለጋ ቅቤ ለውሳ እሳት ዳር ታስቀምጠዋለች። ለብ ሲል የታመመውን መገጣጠሚያ እያሸች ትቀባና እሳት ያሳየችውን ኮባ ትጠቀልልበታለች። ያድናል ወይ ብለው ሲጠይቋት፣ "እኔ እንጃ፤ እንቅልፍ ግን ይሰጣል" ትል ነበር። ሐኪም ማየት ያለበትን ሰው ደግሞ ይህ የእኔ አይደለም ብላ ወደ ጤና ጣቢያ ትሰደዋለች።

ቡና ሲደርስ እርዱን ትተዋለች። ከጥቅምት እስከ ጥር የቡና ማጠቢያ ጣቢያው ውስጥ ለቃሚ ናት። የታጠበው ቡና ነጭ ገለፈቱን እንደለበሰ በረጃጅም የሽቦ አልጋዎች ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ቆመው የተበሳውንና የተሰበረውን እየለዩ ያወጣሉ። ያ ነጭ ገለፈት ደግሞ ቀለምም ሆነ ሽታ የነካው እንደሆነ አይለቅም። ስለዚህ ለቃሚ ቅባት አትቀባም፤ በሽቶ ሳሙና አትታጠብም፤ ሽንኩርት ከትፋ አትመጣም። ይህን ሕግ የሙሉካን ያህል የምታከብር አልነበረችም። በወቅቱ መካከል የራሷ ጉልበት ሲንቋቋ እንኳ ጥርሷን ነክሳ ትቆማለች እንጂ እርድ አትነካም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ቆማለች። ልጇን እዮብን ዲላ ልካ ያስተማረችው በዚሁ ነው።

እዮብ ተምሮ ሲመለስ እዚያው ጣቢያ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆነ። ሴቶቹ፣ እንግዲህ አለቃ ወልደሽልናል፣ ስናረፍድ አንቺ ትለምኚልናለሽ እያሉ ይቀልዱባት ጀመር። እሷም "እሱ? እኔንም አይምረኝም" ትላቸዋለች። ስትናገረው ኩራቷ ከፊቷ ይነበባል።

በሁለተኛው ዓመት ኅዳር ላይ እዮብ ናሙና ይዞ ከጨለለቅቱ በሞተር ሲመለስ ጭቃው አንሸራተተውና ወደቀ። ናሙናው አልተደፋም። ቁርጭምጭሚቱ ግን ዞረ። ትንሽ ነው ብሎ አደረ፤ ጠዋት እግሩን መሬት ማስነካት አቃተው። የዚያን ቀን ከአዲስ አበባ ገዢዎች ይመጣሉ ተብሏል፤ የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ወንድይፍራው ደግሞ የቀረ ሰው ምክንያት የማይሰማ ሰው ነው።

ሙሉካ ያበጠውን እግር አየችው። እሷም ሥራ የምትገባበት ሰዓት ደርሷል። እዮብ፣ ተይው እማዬ፣ እጅሽ ቢጫ ይሆናል ብሏት ነበር፤ ግን አጥብቆ አልከለከላትም። ወጥታ ቆፈረች። ስታሸው ቢጮህ፣ ይህ ጩኸት ጥርስ ስታበቅል የምትጮኸው ነው፣ አልተለወጠም ብላ ሳቀችበት። ኮባውን ጠቀለለችለት፤ ካልሲውን በላዩ አጠለቀችለት፤ የጫማውን ክር ራሷ አሰረችለት። ከዚያ እጇን በሳሙና፣ ቀጥሎ በአመድ፣ ቀጥሎ በሎሚ ፈተገችው። መዳፏ ጠራ። ጥፍሯ ሥርና የጣቶቿ ስንጥቅ ውስጥ የገባው ግን እንዳለ ቀረ። ደርቋል፣ ከእንግዲህ አይነካም ብላ ተነሳች።

ረፋዱ ላይ፣ ገዢዎቹ ወናጎን አልፈዋል ተብሎ እንደተደወለ፣ ወንድይፍራው ከሰባተኛው አልጋ ላይ ሦስት ቢጫ ፍሬዎች አነሳ። በመዳፉ ይዞ መጥቶ ለእዮብ አሳየው። አልተቆጣም። "ዘንድሮ አልጫ ወጥ ነው የምንልክላቸው?" አለውና የማን እጅ እንደሆነ አጣርቶ እንዲያስወጣት ነገረው።

እዮብ የማን እጅ እንደሆነ ያውቃል። ወደ ሰባተኛው አልጋ ሲራመድ ኮባው ካልሲው ውስጥ ይንኮሻኮሽ ነበር። እዚያው ቆሞ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እግሬን አሽታልኝ ነው ቢል ያልቅ ነበር። ቢበዛ ወንድይፍራው ያኮርፈዋል። እዮብ ግን ሌላ ሌላውን አሰበ። ተቆጣጣሪው ሕጉን ከቤቱ ጀምሮ አፈረሰው ይሉኛል አለ። ዲላ ድረስ ተምሮ በቅጠል ይታሻል ይሉኛል አለ። ለእናቱ አደላ ይሉኛል አለ። አልጋው ጋ ሲደርስ ሴቶቹ እጃቸውን እንዲዘረጉ አዘዘ።

አሥራ ሁለት ሴቶች መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ዘረጉ። ሙሉካም ዘረጋች። ፊት ለፊት ታየው ነበር። ይናገራል ብላ እየጠበቀች ይሁን እንዳይናገር እየፈራችለት፣ እዮብ አልለየውም። ጣቶቿን ገልበጥ አድርጎ አየ።

"እማማ፣ ሕጉን ያውቁታል" አላት፣ ማንኛዋንም አሮጊት እንደሚያናግር ሁሉ። "እቃዎን ይዘው ይውጡ።"



"አውቀዋለሁ" አለች ሙሉካ። "የእኔ መዝረክረክ ነው።"

ጣቷ ላይ ተጣብቆ የቀረውን አንድ ፍሬ እንዳይወድቅ ተጠንቅቃ አልጋው ላይ መለሰችው፤ ነጠላዋን ከወገቧ ፈታችና ሄደች።

አመሻሽ ላይ ቤት ሲደርስ እራቱ ቀርቦ ነበር። የሚላትን መንገድ ላይ ሲያጠና መጥቷል። እሷ ግን እግሩን ነበር የጠየቀችው። ኮባውን ፈታች፤ አዲስ እርድ ቀባችለት፤ የምትጠነቀቅለት ሥራ ስለሌላት እስከ ክንዷ ቢጫ ሆነች። ረጋ አድርገህ ያዘው ከማለት በቀር የተናገረችው የለም። እዮብ ይቅርታ ሊል ፈልጎ፣ ነገ ወንድይፍራውን አነጋግሬው ትመለሻለሽ አላት። ተወው፣ ጉልበቴም ደክሟል አለችው። ወንድይፍራውን አላነጋገረውም። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ሲል ወቅቱ አለቀ።

ክረምቱ ሲገባ የሙሉካ ጉልበት ባሰባት። ለሰው ሁሉ የተረፈ እጅ የራሷን ጉልበት ሲያሽ ቶሎ ይዝል ጀመር። እዮብ ከዲላ መድኃኒት ቤት የሚቀባ ነገር በቱቦ ገዝቶ አመጣላትና አጠቃቀሙን አነበበላት። ተቀምጦ ግን አላሻትም። የምታሽላት ፀጋ ነበረች፣ አሥራ ዘጠኙን ዓመት ከአልጋው ማዶ ፊት ለፊቷ የቆመችው ለቃሚ። ሐምሌ ላይ ሙሉካን ሳንባዋን አመማት፤ በአምስተኛው ቀን አረፈች።

ለቃሚዎቹ ሁሉ ለቅሶ መጡ። ድንኳኑ ውስጥ እያንዳንዳቸው ያሸችላቸውን አካል እየነኩ ስለ እጇ አወሩ። እዮብ ስለዚያ ቀን ሊናገር ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። በመጀመሪያው ጊዜ መዝሙር ተጀምሮ አቋረጠው። በሁለተኛው የከለከለው ምንም ነገር አልነበረም፤ ግን አልተናገረም።

ኅዳር ተመልሶ መጣ። ብርዱ ሲጠና ያ ቁርጭምጭሚት እንደገና አንገበገበው። አንድ ጠዋት ከጓሮው የተረፈውን እርድ ቆፈረ፤ እሷ ታደርግ እንደነበረው አድርጎ ለወሰ፤ ራሱ አሸው። ያን ያህል አልቀለለውም። ቆዳው ሞቀ፣ በቃ። ሲታጠብ እጁ አልጠራ አለው፤ በሎሚ ቢፈትገውም አልጠራ። እንደዚያው ወደ ጣቢያው ሄደና በቀጥታ ወደ ሰባተኛው አልጋ አመራ። ፀጋ ቦታዋ ላይ ነበረች። ፊት ለፊቷ አዲስ ሴት ቆማለች።

እዮብ ሁለት እጁን ዘረጋ።

"ያኔ እርዱ የእኔ ነበር" አለ። "እግሬን አሽታኝ ነው የመጣችው። እያወቅኩ ነው ያስወጣኋት።"

ፀጋ መልቀሟን አላቋረጠችም።

"እናውቃለን" አለችው። "ታነክስ ነበር እኮ።"

ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ አላቸው። ሌሎቹ ሴቶች አንገታቸውን ደፉ። ፀጋ የተሰበረ ፍሬ ከአልጋው አነሳች፤ ጣለችው።

"እሷ ናታ። የዚያን ቀን አንተ ሳትገባ ቤቷ ሄደን፣ ለወንድይፍራው እንንገረው ብንላት አደራ አለችን። 'ልጄ ራሱ ይናገራል፣ ጠብቁት' አለችን።"

እዮብ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ፀጋ ቀና ብላ ጣቶቹን አየች፤ ስትናገርም ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

"በል አንተ ልጅ፣ ይህን እጅ ይዘህ አልጋው ጋ አትጠጋ።"

እዮብ እጁን ሰበሰበና እያነከሰ ከአልጋው ራቀ።