በብርዱ የተለካ ዘይት

አባቱ በተቀበሩ በሦስተኛው ቀን እዮብ ዲላ ባለው ግቢያቸው ከአሮጌዋ አውቶማቲክ መኪና ሥር ተጋድሞ ነበር። በቀብሩ ዕለት ካምቢዮዋ ዘይት እያንጠባጠበ መንገድ ላይ ቀርታ፣ ሬሳው በሰው አይሱዙ ተጭኖ ሄዷል። እዮብም ድንኳኑ ውስጥ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ ሃያ ዓመት የጠገኗትን ጋሽ ጴጥሮስን "የማይረባ ጓርኒሲዮን አስገብተው አዋረዱን" ብሏቸው ነበር።

አሁን የዘይት መያዣውን ፈትቶ ሲያወርድ ግን ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያሽገው ጓርኒሲዮን ደህና ነው፤ ዳርና ዳሩም ደረቅ ነው። ዘይቱ የወረደው ከላይ፣ ከካምቢዮዋ መተንፈሻ ቀዳዳ ነበር።

ጋሽ ጴጥሮስ ዛሬም ለቅሶ ሊቀመጡ መጥተው እግሩን አዩና ጎንበስ አሉ።

"ዘይት ጨምረህባት ነበር እንዴ ልጄ?"

"በቀብሩ ጠዋት። ስለካው ጎድሎ ነበር።"

"ሳትሞቅ?"

"እንደ ሞተር ዘይት በብርዱ ነዋ።"

"የካምቢዮዋ የሚለካው ሞቃ ነው፤ በብርዱ ሳይጎድል ጎድሎ ይታያል። ሲበዛባት አረፋ ሆኖ ይገነፍላል። አባትህ ያውቁ ነበር።"

እዮብ መፍቻውን መሬት አስቀመጠ። "ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለ እንደተጋደመ።

"ድንኳን ውስጥ ሰድበኸኝ ይቅርታው መኪና ሥር ነው? እሱም እንደ ዘይትህ ከሥር ይንጠባጠብ?" ብለው ወደ ድንኳኑ ገቡ።

እዮብ ወጣ። እጁን ሊታጠብ አሰበና ድፍረቱ እንዳይከዳው ተወው። ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ "መኪናዋን ያበላሸኋት እኔ ነኝ" አለ፤ ድምፁ ግን ከፊተኛው ወንበር አላለፈም።

"አልሰማንም!" አሉ ከኋላ አንድ ሽማግሌ።

እዮብ ጮክ ብሎ ከመጀመሪያው ጀመረ።