አራት ቀጭ ወደ ጥንቸሏ

ሎርን ብራድሾው ክፉ ሰው አይደለም። ኋላ የሠራውን ስትሰሙ እንዳትቸኩሉበት ብዬ ይቺን አስቀድሜያለሁ።

በሁለት ተራራ መሀል በተወሸቀችው በዚያች ትንሽ ከተማ የተራራ ብስክሌት ያለው ሁሉ የሎርንን ጋራዥ ያውቃል። የቁልቁለት ውድድሩ ሲቃረብ ሰዉ ብስክሌቱን እየገፋ መጥቶ ደጁ ላይ ይሰለፋል። ሎርን ፍሬን አይነካ፣ ካቴና አይነካ። «እሱን ሌላ ጋ ውሰዱት» ይላል። የሱ ነገር የፊት ፎርኬላ ነው፤ የፊት ጎማውን የያዘው፣ መንገዱ ሲመታው የሚሰምጥና የሚነሳው ባለ ሁለት ቱቦ። ባለቤቱን ከነሄልሜቱ፣ ከነውሃ ቦርሳው ኮርቻ ላይ ያስቀምጠዋል። ፎርኬላው በሰውየው ክብደት ስንት ጣት እንደሰመጠ ቱቦው ላይ ከተጠለቀችው የጎማ ቀለበት ያይና በትንሿ ፖምፓ አየር ይጨምራል፣ ወይ ያስተነፍሳል። ከዚያ ተንበርክኮ ከቀኙ ቱቦ ግርጌ ያለችውን ቀይ ማዞሪያ ይይዛል።

ማዞሪያዋ ላይ ባንድ ወገን ኤሊ፣ በሌላው ወገን ጥንቸል ተስለዋል። ወደ ኤሊዋ ካዞሯት የሰመጠው ፎርኬላ ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ ወደ ጥንቸሏ ካዞሯት ቶሎ ይነሳል። ወደ ጥንቸሏ ከበዛች ግን ጎማው ሥርና ድንጋይ በነካ ቁጥር መሪውን ሽቅብ ያነጥረዋል፤ እንቢ እንዳለች በቅሎ ነው የሚሆነው። ሎርን እስከ ኤሊዋ ጥግ ይዘጋትና ወደ ጥንቸሏ እየቆጠረ ይመልሳታል፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ቁጥሩን ነጭ ፕላስተር ላይ ጽፎ ፎርኬላው ላይ ይለጥፋል። ገንዘብ አይቀበልም። የሚበላ ነገር ካመጡለት በቃው።

ዋሊ ካልሚኮፍ ሰባት ነበረ። ብስክሌቷን ከገዛ ጀምሮ ሰባት።

ዋሊ የሎርን የልብ ወዳጅ ነው፤ በወጣትነታቸው እንጨት መሰንጠቂያው ውስጥ አብረው ሠርተዋል፣ አሁንም ቤታቸው ፊት ለፊት ነው። ችግሩም እሱ ነው። ሃምሳ ካለፋቸው ሰዎች መሀል አንደኛ የወጣ የሚሸለመው ሳንቃ ላይ የተቸነከረ አንድ የዛገ የብስክሌት ጥርስ፣ ካቴና የሚዞርበት ክብ ብረት ነው፤ አሸናፊው ዓመቱን ሙሉ በረንዳው ላይ ይሰቅለዋል። ስምንት ዓመት የተሰቀለው ዋሊ በረንዳ ላይ ነው። ሎርን ጠዋት መጋረጃውን ሲገልጥ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ስምንት ዓመት ሁለተኛ መውጣት ቀላል ይመስላችኋል? እስቲ ሞክሩት።

በዘጠነኛው ዓመት፣ ውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ከሰዓት ዋሊ ብስክሌቱን ይዞ መጣ። ሎርን አየሩን አስተካክሎ ተንበረከከ፣ ማዞሪያዋን ዘጋ፣ ወደ ጥንቸሏ መቁጠር ጀመረ።

«ሽማግሌው፣ ዘንድሮስ አትለፋ ባክህ» አለው ዋሊ ከላይ ሆኖ። «ሁለተኛነትህን ቤትህ ድረስ እናመጣልሃለን።»

«አፍህን ዝጋና ልቁጠርበት።»

«ምን ትቆጥረዋለህ፣ ሰባት ነው እኮ! ፖሊ ፒራሂ ጋግራልሃለች፣ ድንቹም ጎመኑም አለው። ደጅ ትቼው መጣሁ፣ ውሻህ ሳይቀድመኝ ላምጣው።» ዞር ብሎ ወጣ። ፖሊ ሚስቱ ናት፤ ፒራሂዋ እንደ ሳምቡሳ የተሞላ የተጋገረ ሊጥ ነው።

ሎርን ሰባት ላይ ደርሶ ነበር። እጁን ማንሳት ነበረበት። በጋራዡ በር ዋሊ በረንዳ ላይ የተሰቀለውን ያንን የዛገ ጥርስ አሻግሮ አየው፣ ጣቶቹም ቀጠሉ። ስምንት። ዘጠኝ። አስር። አስራ አንድ። ከዚያ ፕላስተር ቆረጠና «7» ብሎ ጻፈበት። ዋሊ ትኩስ ፒራሂውን ይዞ ሲመለስ ሎርን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር። እንዲወድቅ አላሰበም፤ ይህን በማንም ፊት ይምላል። ትንሽ እጁን እንዲያደክመው፣ ትንሽ እንዲዘገይ ነው ያሰበው።

እሁድ ተወዳዳሪዎቹን አንድ አንድ እያሉ ሲለቋቸው ዋሊ ከሎርን አንድ ደቂቃ ቀድሞ ተነሳ። ከዛፎቹ ሥር መንገዱ ሥር በሥር የሚሆንበት ቦታ አለ፤ ሎርን እዚያ ሲደርስ ዋሊ ግራ ክንዱን አቅፎ ከመንገዱ ዳር ተቀምጧል፣ ባንዲራ ይዛ መንገዱን የምትጠብቀው ሴት አጠገቡ በርከክ ብላለች። ሎርን ፍሬን ሲይዝ ዋሊ ጮኸበት።

«ምን ትቆማለህ፣ ሞኝ! ሂድ! ዘንድሮ ያንተ ነው፣ ሂድልኝ!»

ሄደ። አሸነፈም። ሰዉ ሲያጨበጭብለት ሽልማቱን አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። ሰው ለጓደኛው አዝኖ ነው አለ።

የዋሊ የትከሻ አጥንት ተሰብሮ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሎርን መንገዷን ተሻግሮ ሊጠይቀው እየተነሳ እየተቀመጠ ሰነበተ፤ ሁለቴ ሄዶ ስለ አየሩ፣ ስለ ውሻው አውርቶ ተመለሰ። ፖሊ ደግሞ፣ የፈረደባት፣ «እንኳን ደስ አለህ፤ ዋሊ ላኪለት ብሎኝ ነው» ብላ ሌላ ፒራሂ አመጣችለት። አንዱን ጎርሶ ተወው። የቀረውን በረዶ ቤት ከተተው። የዛገውን ጥርስ በረንዳ ላይ ሊሰቅለው ከብዶት ጋራዡ ውስጥ ጨርቅ ጣል አደረገበት።

በአራተኛው ሳምንት ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዋሊ ክንዱ በጨርቅ እንደታሰረ ባንድ እጁ ብስክሌቱን እየገፋ መጣ።

«ለኖሪን አስተካክልልኝ» አለ። ኖሪን ፖስታ ቤት የምትሠራዋ ናት። «ልሸጥላት ነው።»

«ምኑን?»

«ብስክሌቱን ነዋ! ሚስቴን መሰለህ እንዴ? ስልሳ ኪሎ ነኝ ብላለች፣ አንተ ግን ለስልሳ አምስት አድርገው።» ሳቀ፣ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት። ጨርቁን ገለጥ አድርጎ የዛገውን ጥርስ አየ። «ይሄንንስ ምነው አልሰቀልከውም? አሸንፈህ ታፍራለህ?»

«እሰቅለዋለሁ... ዋሊ፣ አጥንቱ እንደሁ ይድናል፤ ምን አስቸኮለህ?»

ዋሊ የቀለም ጣሳው ላይ ተቀመጠ። ደህናውን እጁን ዘርግቶ ትክ ብሎ ያየው ጀመር።

«አጥንቱ አይደለም። መሪው ከእጄ አመለጠኝ፣ ሎርን። ከላይ ስነሳ ጀምሮ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። ፎርኬላው ነው እንዳልል ያስተካከልከው አንተ ነህ። አባቴን ታውቀው የለ? በስልሳ ዓመቱ ሾርባ በማንኪያ መጠጣት አቃተው። እኔ ከገና በኋላ ስልሳ እሞላለሁ። ጠዋት ጠዋት ሲኒ ይዤ እጄን አያለሁ፤ ሳየው ይንቀጠቀጥብኛል። ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዣለሁ። ለፖሊ ግን አልነገርኳትም፣ አደራህን።»

ደግነቱ ሎርን ፎርኬላው ፊት ሊንበረከክ ይገባው ነበርና ተንበረከከ፤ ፊቱን ለመደበቅም ተመቸው።

«እስቲ ከመቀየርህ በፊት እየቆጠርክ ዝጋት» አለ ዋሊ። «ያቺን ቀጭ ቀጭ ልስማት። የመጨረሻዬ አይደል።»

ሎርን ማዞሪያዋን ያዘ። ወደ ኤሊዋ አዞረ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ጋራዡ ውስጥ ሌላ ድምፅ የለም። አራት። አምስት። ስድስት። ሰባት።

እዚያ ላይ ቆመ። ቢያቆም ማን ያውቅበታል? እጁን አንስቶ «ተዘጋች» ቢል አለቀ። ኖሪን ብስክሌቷን ትወስዳለች፣ ዋሊ ወዳጁ ሆኖ ይኖራል፣ ፖሊም ፒራሂዋን ታመጣለች።

«ሰባት» አለ ዋሊ ቀስ ብሎ፣ ፕላስተሩ ላይ ያለውን ቁጥር እያየ። «በቃ፣ እጄ ነው ማለት ነው።»

ሎርን ማዞሪያዋን አልለቀቀም። ቀጭ አደረጋት።

«ስምንት» አለ። ድምፁ የራሱ አልመስል አለው። «ዘጠኝ። አስር።» የመጨረሻዋን እስኪያዞራት ብዙ ቆየ። «አስራ አንድ።»

ዋሊ መጀመሪያ አልገባውም። «ተሳስተህ ነው?»

«አልተሳሳትኩም። ፒራሂውን ልታመጣ ስትወጣ አራት ጨመርኩባት። አውቄ ነው። ሰባት ብዬ የጻፍኩትም አውቄ ነው። እጅህ ምንም አልሆነም፣ ዋሊ። እኔ ነኝ።»

ዋሊ ደህናውን እጁን አገላብጦ አየው፣ ጨበጠው፣ ዘረጋው። ዓይኑ እንባ ሞላ። ለእጁ ይሁን ለሎርን እሱ ነው የሚያውቀው።

«ሂድ አልኩህ እኮ» አለ በመጨረሻ። «ወድቄ፣ አጥንቴ ተሰብሮ፣ ያንተ ነው ሂድልኝ አልኩህ።»

«አዎ።»

«አንተም ሄድክ።»

«ሄድኩ።»

ዋሊ ተነሳ። ሎርን ብስክሌቱን ሊይዝለት እጁን ሲሰነዝር «አትንካ!» አለው። ባንድ እጁ እያንገዳገደ መንገዷን ተሻገረ። ብስክሌቷ ለኖሪን አልተሸጠችም። በማግስቱ ሎርን የዛገውን ጥርስ ይዞ ሄደ። ፖሊ በሩን ከፈተች፣ አየችው፣ «እዚህ ቤት አይገባም» ብላ ዘጋችው። ይዞት ተመለሰ።

ክረምቱ ረጅም ነበር። ሁለቱም ጠዋት ጠዋት በረዷቸውን ከየደጃቸው ይዝቃሉ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ሎርን ለመጣ ሰው ሁሉ «እጄን አሞኛል» እያለ ፎርኬላ መንካት ተወ። አሞታልም፣ ውሸት አልነበረም።

ግንቦት ላይ፣ መንገዱ እንደደረቀ፣ ዋሊ በሁለት እጁ ብስክሌቱን እየገፋ መጣ። ሰላምታ የለም።

«ሐኪሙ እጄ ደህና ነው ብሎኛል» አለ። «እኔ እንደሁ ይቺን ፎርኬላ ራሴ አስተካክዬ አላውቅም። እጅህን ኪስህ ክተትና ንገረኝ።»

ሎርን ሁለቱንም እጆቹን ኪሱ ከተተ። ዋሊ ኮርቻው ላይ ተቀመጠ፣ ወረደ፣ ቀለበቷን ለካ፣ በፖምፓው አየር ሞላ። ሁለቴ ተበላሸበት፤ የሎርን ጣቶች ኪስ ውስጥ ቢቅበጠበጡም አልወጡም። በመጨረሻ ዋሊ እያቃሰተ ተንበረከከ።

«ወደ ኤሊዋ እስክትቆም ዝጋት» አለ ሎርን። «ከዚያ ወደ ጥንቸሏ ትቆጥራለህ። እኔ ሰባት ነበር የምሰጥህ።»

«ስንት እንደምሰጠው እኔ አውቃለሁ» አለ ዋሊ። «አንተ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙር።»

ሎርን ዞረ። ፊቱ ያለው የመፍቻ መስቀያ ነው። ከኋላው ማዞሪያዋ ተዘጋች፣ ከዚያ መከፈት ጀመረች። ቀጭ። ቀጭ። ስንት ዓመት የለመደ ጆሮ ነውና ሳያዙት ይቆጥራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሎርን ሁለቱን እጆቹን ከኪሱ አወጣና ጆሮዎቹን በጣቶቹ ድፍን አደረጋቸው፤ ዓይኑንም ጨፈነ።

ዋሊ ሁለቴ «ጨርሻለሁ» ብሎ ቢጠራው አልሰማም። በመጨረሻ መጥቶ ትከሻውን ነካው።