የመድኃኒት ኩፖን

ፈርሂያ ከሪያድ ስትመለስ ይዛው የመጣችው ገንዘብ ቤት የሚያሠራ አልነበረም። መካነ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ሒጃብና የፀጉር ቅባት መሸጥ ጀመረች። በገበያ ቀን ሰው ይገባል፤ በሌላው ቀን ሥራዋ ዝንብ እሽ ማለት ነበር። የደጎማት ሱቁ ሳይሆን ዓረብኛዋ ነው።

እዚያ አገር ያሉ መደብሮች ለደንበኞቻቸው የቅናሽ ኩፖን ይልካሉ። ኩፖኑ ወረቀት አይደለም፤ የፊደልና የቁጥር ድብልቅ የሆነ ኮድ ነው። ሲከፍሉ ያስገቡታል፣ ዋጋው ይወርዳል። የማይፈልጉት ሰዎች በቴሌግራም በርካሽ ይሸጡታል። ፈርሂያ እዚያ በቀረች ጓደኛዋ በኩል እየገዛች፣ ትንሽ እየጨመረችበት፣ በሰው ቤት ለሚሠሩ የወሎ ልጆች መልሳ ትሸጠዋለች። ልጆቹ በኩፖኑ ብርድ ልብሱንም ጫማውንም ገዝተው በካርጎ ይልካሉ። ሒሳቡን አገር ቤት ያለ ዘመድ በብር ይከፍልላቸዋል።

ከደንበኞቿ ሁሉ ኡምኩልሱም ትለይባት ነበር። መጻፍ አትወድም፤ ድምጿን ቀድታ ነው የምትልከው። ማዳሟ ስልክ ይዛ እንዳታያት መታጠቢያ ቤት ትገባና ቧንቧውን ትከፍታለች፤ ከዚያ በሹክሹክታ ትናገራለች።

«ፈርሂዬ፣ የልጅ ጫማ አለሽ? ለታናሼ ነው። እግሩ አድጓል አሉኝ።»

ከኋላዋ ውሃው ይንሿሿል። አንዳንዴ ድምጿ በውሃው ይዋጥና ፈርሂያ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ደግማ ደጋግማ ታዳምጣለች።

የኡምኩልሱም እናት እትዬ ሩቂያ ወደ ዓባይ ከሚወርደው ገደል አፋፍ ካለ መንደር በገበያ ቀን ምስር ይዘው ይመጣሉ። ስልክ ስለሌላቸው ሒሳቡን የሚከፍሉት በእጃቸው ነው። ከፍለው ግን አይሄዱም። በሩ አጠገብ ካለችው ዱካ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው፣ «እስቲ ድምጧን አሰሚኝ» ይላሉ። ፈርሂያ ታሰማቸዋለች። እትዬ ሩቂያ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙና፣ «ያ ውሃ ዝም ብሎ ይፈሳል? ቆጣሪ የለውም እንዴ?» ብለው ይስቃሉ።

ከኢድ በኋላ የኡምኩልሱም ድምፅ ጠፋ።

መጀመሪያ ሥራ በዝቶባት ነው ተባለ። ከዚያ የላካት ደላላ፣ «ከአሠሪዎቿ ቤት ጠፍታለች፤ እኔን አትጠይቁኝ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። እትዬ ሩቂያ ምስር ቢኖራቸውም ባይኖራቸውም በየገበያው መምጣት ጀመሩ። ፈርሂያ የጫማውን መልእክት ትከፍትላቸዋለች፤ ብዙ ጊዜ የሰሙትን።

«የመጨረሻው ይሄ ነው?» ሲሏት፣ «አዎ እትዬ፣ ይሄ ነው» ትላቸዋለች።

አልነበረም።

የመጨረሻው የመጣው ሱቁ በሰው በተሞላ ቀን ነበር። ፈርሂያ በአንድ እጇ ሒጃብ እየዘረጋች በሌላው ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዘች። ኡምኩልሱም ስትናገር ትንፋሿ ይቆራረጣል። «ፈርሂዬ፣ የመድኃኒት ቤት ኩፖን የለሽም? ራሴን ነው የሚያመኝ። ትኩሳትም አለኝ። ማዳም ፓናዶል ሰጥታኝ ነበር፣ አልተወኝም። ልግዛ እንዳልል ደሞዜ ገና ነው።» ፈርሂያ እንደ ነጋዴ መለሰችላት፦ «የመድኃኒት የለኝም። የሽቶ አሪፍ ቅናሽ ገብቷል፤ ላስቀምጥልሽ?» መልሱ ተነብቧል። ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም።

ይህን ለማንም አልተናገረችም። ውሃ ግን ጠላቷ ሆነ። ቦኖው ጋ ጀሪካን ስትሞላ፣ ውሃው መውረድ ሲጀምር፣ እሱን ተከትሎ የሚመጣ ሹክሹክታ ያለ ይመስላት ነበር። አንገቷን አዙራ ከኋላዋ የቆሙትን ሴቶች ታያለች። በኋላ ውሃውን በባጃጅ ማስመጣት ጀመረች። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ የሱቁ አሸንዳ ቀኑን ሙሉ ይንዶቀዶቅ ጀመር፤ ለእሱ መላ አልተገኘም።

በዚያው ክረምት፣ ጉሙ መናኸሪያውን ሸፍኖት ሳለ፣ ስልኳ ጮኸ። የኡምኩልሱም ስም ነው። ስሟ አጠገብ ሁሌ የምትታየው የአበባ ሥዕሏም አለች። ድምፅ ግን አይደለም፤ ጽሑፍ ነው።

«ሰላም እህት። የብርድ ልብስ ኩፖን አለሽ?»

ፈርሂያ ስልኩን አነሳች። ወዲያው፣ «የት ጠፍተሽ ነው? እናትሽ አለቁ እኮ» ብላ ጻፈች።

መልሱ ቆየት አለ። «አለሁ» ይላል። ቀጥሎ፣ «ኩፖኑስ?»

ፈርሂያ ሌላ አልጠበቀችም። ሱቋን ዘግታ፣ ባጃጅ እስከሚገባበት በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲያ በጭቃው ውስጥ በእግሯ ሄደች። እትዬ ሩቂያ በረንዳቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ። ከሩቅ ሲያዩዋት ሰፌዱን አስቀመጡ።

«እትዬ፣ ጻፈችልኝ። አለሁ ብላለች።»

 እትዬ ሩቂያ ከበረንዳው ወርደው ዝናብ የጠጣው መሬት ላይ በግንባራቸው ተደፉ። ሲነሱ ጭቃው ፊታቸው ላይ ነበር፤ አልጠረጉትም። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንድ ሽማግሌ ዱዓ አደረጉ። ጫማው ተልኮለት የነበረው ታናሽ ወንድሟ ከዘመድ ቤት ተጠርቶ መጣ። ፈርሂያን በጎንና በጎን ይዘው፣ ወፍራለች ወይ፣ መቼ ትመጣለች፣ ምን ብላ ጻፈች እያሉ ጠየቋት። «አለሁ» ከምትለው ቃል በቀር የምትነግራቸው አልነበራትም፤ እሷኑ እየደጋገመች ነገረቻቸው።

ወደ ከተማ ስትመለስ ግን አንድ ነገር ይከነክናት ጀመር። ኡምኩልሱም «ፈርሂዬ» ሳትላት አታውቅም። ኩፖን ስትጠይቅም የእናቷን ደኅንነት ሳታስቀድም አትጠይቅም። ሱቁ ደርሳ፣ «ድምፅሽን ላኪልኝ። እናትሽ መስማት ይፈልጋሉ» ብላ ጻፈች። መልስ የለም።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ የድምፅ መልእክት ገባ። ፈርሂያ ከፈተችው። መጀመሪያ የመጣው ውሃው ነው፤ ያው ቧንቧ፣ ያው መንሿሿት።  ከዚያ ሌላ ሴት ተናገረች።

«እህቴ፣ ይቅር በይኝ። እኔ ኡምኩልሱም አይደለሁም። ሐረግ እባላለሁ፣ እዚያው ወሎ የደጎሎ ልጅ ነኝ። ስልኩን ማዳም ናት የሰጠችኝ፤ የበፊቷ ልጅ ጥላው ሄደች ብላ። የቤቱ ልጆች እኔንም ኩልሱም ነው የሚሉኝ፤ ስሜን ብነግራቸው እምቢ አሉ። ድምጿን ሁሉንም ሰምቼዋለሁ። ይሄ የሚፈሰው ውሃ እኮ ያው ነው፤ እሷ ትቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ነው ያለሁት። ለምን እንደዋሸሁሽ አላውቅም። የት ጠፍተሽ ነው ስትይኝ፣ እኔንም የሚፈልገኝ ሰው ያለ መሰለኝ።»

ፈርሂያ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቆየች። አንዲት ሴት ገብታ የሒጃብ ዋጋ ጠየቀቻት፤ አልሰማቻትም። ሴትዮዋ ወጥታ ሄደች።

ከዚያ ጻፈች። «ሐረግ፣ እናቷን ትናንት ሄጄ በሕይወት አለች አልኳቸው። እባክሽ፣ የት እንደሄደች ከቤቱ ሰው ጠይቂልኝ።»

ሐረግ ፈራች። ማዳሟ ስለ በፊቷ ልጅ ወሬ ሲነሳ ፊቷ ይለዋወጣል አለች። ግን ቆሻሻ ልታወጣ በወጣችበት፣ የቤቱን ሹፌር፣ አንድ ሸምገል ያለ ሱዳናዊ፣ ዓይን ዓይኑን እያየች ጠየቀችው። ሰውዬው መጀመሪያ ዘወር አለባት። ኋላ መኪናውን እያጠበ፣ ቀና ሳይል ነገራት። ልጅቷ ታማ ክፍሏ ውስጥ ተኝታ ነበር። ይሻላታል እያሉ ቆዩ። አምቡላንስ ሲጠራ አትናገርም ነበር። ሆስፒታል ሳትውል ሳታድር ሞተች። ማዳም ለደላላው ጠፋች ብላ የነገረችው ጣጣ እንዳይመጣባት ነው። የት እንደተቀበረች ያውቃል፤ ሲቀብሯት ቆሟል፤ ሶላቱንም ሰግዶባታል።

ፈርሂያ ያንን መንገድ ሁለተኛ ስትሄደው ዝናብ አልነበረም፤ ፀሐይ ወጥቶ ገደሉ ወለል ብሎ ይታያል። አጥሩ ጋ አንድ ጠቦት ታስሮ አየች። ለምን እንደታሰረ ገባት።

እትዬ ሩቂያ ፊቷን ዓይተው ወንበር ሳይሰጧት ቁጭ አሉ። «ተናገሪው» አሉ።

ነገረቻቸው። ስለ ሐረግ፣ ስለ ሹፌሩ፣ ስለ ትኩሳቱ። እትዬ ሩቂያ፣ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ በቀስታ፤ ከዚያ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ጎትተው ያዙት። አልጮኹም። ለፈርሂያ ቢጮኹ ይሻላት ነበር።

«እትዬ፣ ሌላም አለ።»

«ሌላ ምን ቀረ?»

«የመጨረሻው ድምጿ ያ የጫማው አልነበረም። አንድ ሌላ አለ። ደብቄዎት ነው።»

እትዬ ሩቂያ እጃቸውን ዘረጉ። ፈርሂያ ከፍታ ሰጠቻቸው። ውሃው ተንሿሿ፤ ያ የተቆራረጠ ትንፋሽ መጣ፤ የመድኃኒት ቤት ኩፖን የለሽም ወይ አለ። እናትየው እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ምን አልሻት?»

«የለኝም አልኳት። ሽቶ ግዢ አልኳት።»

 አጥሩ ጋ ጠቦቱ ጮኸ። እትዬ ሩቂያ ስልኩን መለሱላትና፣ «ሂጂ አሁን» አሉ። «ሰው ልጥራ። ለቅሶ አለብኝ።»

ፈርሂያ ከለቅሶው አልቀረችም። ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ዋለች፤ ውሃ ቅዱ ሲባል ተነስታ ቀዳች። ማንም ክፉ አልተናገራትም፤ ማንም ደግሞ አላጽናናትም። ለልጅቷ መገኘት ደስታ የታሰበው ጠቦት ለሰደቃ ታረደ። ሰዉ ሲበተን እትዬ ሩቂያ ጠሯት።

«ያቺ ልጅ አሁንም እዚያው ክፍል ነው የምትተኛ?»

«አዎ እትዬ።»

«አገናኚኝ።»

ፈርሂያ ደወለች። ሐረግ ስታነሳ ውሃው እየፈሰሰ ነበር። እትዬ ሩቂያ ያን ድምፅ ሲሰሙ ትንሽ ቆሙ፤ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ የኡምኩልሱም እናት ነኝ። አሞሻል?»

«ደህና ነኝ እማዬ።»

«ከዚያ ቤት ውጪ።»

«ደሞዜን አልሰጡኝም እኮ። ሳልቀበል የት እሄዳለሁ?»

«የኔይቱም ደሞዜ ገና ነው ብላ ነው የተኛችው። ለሬሳሽ ነው የሚከፍሉሽ?»

ከወዲያ በኩል ውሃው ብቻ ተሰማ። ከዚያ ማልቀስ።

ከዚያ በኋላ ሐረግም ጠፋች። ፈርሂያ ስሙን እየከፈተች ታየዋለች፤ ምንም የለም።  ክረምቱ ሲያልቅ ከማታውቀው ቁጥር መልእክት መጣላት፦ ሐረግ ነበረች። ሱዳናዊው ገበያ ልውሰዳት ብሎ አውጥቷት፣ መጠለያ ያሉ ሐበሾች ዘንድ አድርሷታል። ደሞዟ ቀርቷል። ስልኩን ፍራሹ ሥር ትታው ወጥታለች። «ይዤው ብወጣ የምትከተለኝ መሰለኝ» ብላለች።

ፈርሂያ ኩፖን መሸጡን አልተወችም፤ የቤት ኪራይ አለባት። ግን ለማንም ዝም ብላ ኮድ አትልክም። አዲስ ደንበኛ ስትመጣ ስሟን ከነአባቷ፣ አገሯን፣ ያለችበትን ከተማ ትጠይቃታለች። ድምፅሽን አሰሚኝ ትላታለች። «ኩፖን ነው የጠየቅኩሽ፣ ፖሊስ ነሽ እንዴ?» ብለው ወደ ሌላ ሻጭ የሄዱ ብዙ ናቸው።

እትዬ ሩቂያ በበጋው እንደገና ገበያ መውጣት ጀመሩ። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም፤ ፈርሂያም አልጠየቀችም። ምስራቸውን ሸጠው መጥተው በሩ ላይ ይቀመጣሉ። ድምጿን አሰሚኝ ማለት ትተዋል።

አንድ ቀን እንደዚያ ተቀምጠው ሳለ ስልኩ ጮኸ። ፈርሂያ አየችውና ፊቷ ተለዋወጠ። የኡምኩልሱም ስም ነው፣ አበባዋም አለች። የተጻፈው በተሰባበረ ዓረብኛ ነው፦ «ሰላም። ኩፖን አለ?»

«ማናት?» አሉ እትዬ ሩቂያ።

«አላውቅም። በዓረብኛዋ ያገራችን ልጅ አትመስልም። ስልኩን ያገኘች ሌላ ሠራተኛ ትሆናለች።»

እትዬ ሩቂያ ያንን ስም በፊደል አያነቡትም፤ አበባዋን ግን ያውቋታል። ዱካቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ።

«እናት መቼም ይኖራታል። ጠይቂያት።»

ፈርሂያ በቀላል ዓረብኛ ጻፈች። ስምሽ ማነው? የማን ልጅ ነሽ? ጤናሽ ደህና ነው ወይ? መልእክቱ ተነበበ። መልስ የለም። ውጭ ረዳቱ «ደሴ፣ ደሴ» እያለ ይጣራል፤ ገበያተኛው አህያውን እየጫነ ወደየመንደሩ መውረድ ጀምሯል።

«እትዬ፣ መንገዱ ይመሽብዎታል» አለች ፈርሂያ።

«ይምሽ» አሉ እትዬ ሩቂያ፣ ዓይናቸውን ከስልኩ ሳያነሱ።